ብርሃን ለኮራል፦ ለቤት ውስጥ ገንዳ የሚሆን የኤልኢዲ መብራት አመራረጥ፣ ዳሰሳ

ሕያው ኮራሎችን ከዓሦችና ከሌሎች የባሕር ፍጥረታት ጋር በሚያኖር የቤት ውስጥ አኳሪየም፣ መብራት የሚይዘው ስፍራ በተራ የዓሣ ገንዳ ላይ ከሚይዘው የተለየ ነው። ዓሣ ብቻ በሚኖርበት ገንዳ መብራት የሚበራው በዋናነት ለተመልካቹ ሲሆን፣ ኮራል በሚኖርበት ገንዳ ግን ለእንስሳው የዕለት ቀለብ ነው። ኮራል እንስሳ ቢሆንም በሕዋሳቱ ውስጥ ዞዛንተሌ የተባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎችን አስጠግቶ ይኖራል፤ እነዚህ አልጌዎች በብርሃን አስተጻምሮ፣ ማለትም የብርሃንን ኃይል ተጠቅመው ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውኃ ስኳር በመሥራት፣ የሚያመርቱትን ምግብ በአብዛኛው ለኮራሉ ያስረክባሉ፣ ከካልሲየም ካርቦኔት የሚሠራው የኮራሉ አጽምም በፍጥነት እንዲገነባ ይረዳሉ። በመሆኑም በመብራት ምርጫ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ከመልክ ጉድለት አልፎ ረኃብ ወይም ቃጠሎ ሆኖ በፍጥረቱ ላይ ይታያል። በገዢዎች ዘንድ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው «የትኛው ፋብሪካ የሠራው ይሻላል?» በሚል መልክ ቢሆንም፣ ከምርቱ ስም በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ብርሃኑ ምን ያህል ይሁን፣ ከየትኛው ቀለም ይሁን፣ በገንዳው ውስጥስ እንዴት ይዳረስ። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ተጽፏል፤ ሦስተኛው ግን የገንዳውን ዕጣ ከሁለቱ ባላነሰ የሚወስን ሆኖ ሳለ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

ለአልጌና ለዕፅዋት የብርሃን መጠን የሚለካው ለሰው ዓይን በሚሰጠው ድምቀት ሳይሆን፣ የሞገድ ርዝመታቸው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሆኑ ፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ኃይል ተሸካሚ ቅንጣቶች፣ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ሆነው እንደሚያርፉ በመቁጠር ነው። ለብርሃን አስተጻምሮ የሚውለው ይህ የብርሃን ክልል «ፓር» በሚል አኅጽሮት ይታወቃል፤ ቁጥሩ እጅግ ግዙፍ ስለሚሆንም በማይክሮሞል ይገለጻል። በምድር ወገብ አካባቢ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም በባሕሩ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ 2000 ማይክሮሞል ይጠጋል። ይህ ማለት ግን መብራቱ ያንን ያህል እንዲያወጣ ይፈለጋል ማለት አይደለም። የአልጌዎቹ የምግብ አመራረት ብርሃን በጨመረ ቁጥር መጀመሪያ አብሮ ያድጋል፣ ቀጥሎ ከሙሌት ደረጃ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ከዚያም ካለፈ የብርሃን መቀበያው ሥርዓት ራሱ እየተጎዳ ምርቱ ወደ ታች ይመለሳል። በአርቢዎች የረጅም ጊዜ ልምድ ለለስላሳ ኮራሎችና እንጉዳይ ለሚመስሉት ዝርያዎች ከ50 እስከ 150፣ ሥጋቸው ወፍራም ለሆነ ትላልቅ ፖሊፕ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከ80 እስከ 150 ገደማ፣ እንደ አክሮፖራ ላሉ ቅርንጫፋማና ትናንሽ ፖሊፕ ያላቸው ዝርያዎች ደግሞ ከ200 እስከ 350 ማይክሮሞል ያህል ብርሃን በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ፖሊፕ የሚባለው የኮራሉ አንዱ አፍና በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን እጆቹ ናቸው።

ከቅጽበታዊው መጠን ጎን ለጎን የቀኑ ድምርም ሊታሰብ ይገባዋል። 250 ማይክሮሞል ለ10 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢያበራ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን 9 ሞል ፎቶን ያርፋል፤ 500 ማይክሮሞል ለ5 ሰዓት ቢያበራም ድምሩ ያው 9 ሞል ነው። ለኮራሉ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ምክንያቱም በሁለተኛው አኳኋን ከሙሌት በላይ የሆነው ብርሃን ምግብ ሳይሆን ጫና ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ ኃይለኛ መብራት ገዝቶ የማብሪያውን ሰዓት በማሳጠር ማመጣጠን እንደሚቻል የሚነገረው ምክር መሠረት የለውም።

ኮራል ራሱን ከብርሃን ጋር የማስማማት ችሎታው ሰፊ መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ከሆነው ከቀይ ባሕር የተገኘ ጥናት በጉልህ ያሳያል። ፖል ፋልኮውስኪና ዝቪ ዱቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ በኤላት ባሕረ ሰላጤ በብዛት የሚገኘው ስታይሎፎራ ፒስቲላታ የተባለ ቅርንጫፋማ ኮራል በፀሐይ ፊትና በጥላ ሥር ሲያድግ የሚያሳየውን ልዩነት መርምረዋል። በጥላ ውስጥ ያደጉት በእያንዳንዱ የአልጌ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ክሎሮፊል፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን አረንጓዴ ንጥረ ነገር፣ አከማችተው ጠቆር ያለ ቡናማ መልክ ሲይዙ፣ በብርሃን ውስጥ ያደጉት ግን ፈዘዝ ያሉ ናቸው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ኮራል በዝቅተኛ ብርሃን ውስጥም ራሱን አዘጋጅቶ መኖር ይችላል፤ ለጥላ የተዘጋጀ ኮራል ግን በድንገት ወደ ኃይለኛ ብርሃን ቢወጣ፣ ያከማቸው ክሎሮፊል ከሚችለው በላይ ኃይል ስለሚቀበል ይጎዳል። የኤልኢዲ መብራት ከገዙ በኋላ የሚደርሰው ኪሳራ በአመዛኙ የሚመነጨው ከዚህ ሁለተኛው ነው።

የብርሃንን መጠን በዓይን መገመት ደግሞ በኮራል ገንዳ ላይ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ያሳስታል። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ይበልጥ የሚነቃው 555 ናኖሜትር አካባቢ ላለው አረንጓዴና ቢጫ ሲሆን፣ 450 ናኖሜትር ላይ ላለው ሰማያዊ ያለው ንቃት ከዚያ 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የኮራል መብራት ዋነኛ ቺፖች፣ ማለትም ብርሃን አመንጪ ክፍሎቹ፣ የሚያበሩት በዚሁ 450 አካባቢ ስለሆነ፣ ለተመልካች ደብዘዝ ብሎ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን ለኮራሉ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል። በሉክስ የሚለካ መሣሪያም የተስተካከለው ለሰው ዓይን ስለሆነ በዚያው ስሕተት ይወድቃል። የዋት ቁጥር የሚናገረው መብራቱ ከሶኬቱ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ኃይል እንጂ ኮራሉ የሚደርሰውን አይደለም። በኬልቪን የሚነገረው የቀለም ሙቀትም፣ አንድ የጋለ አካል በዚያ ሙቀት የሚሰጠውን ብርሃን መልክ መሠረት ያደረገ መለኪያ በመሆኑ፣ በጥቂት ጠባብ ቀለማት ድምር ለሚሠራ የኤልኢዲ ብርሃን ብዙም ትርጉም የለውም፤ በማሸጊያው ላይ የታተመው 20000 ኬልቪን «በጣም ሰማያዊ» ከማለት ያለፈ መረጃ አይሰጥም።

እውነተኛው መለኪያ በውኃ ውስጥ የሚገባ የፓር መለኪያ መሣሪያ ሲሆን፣ በርካታ አርቢዎች ባሉባቸው ከተሞች ከአኳሪየም መደብር ወይም ከአርቢዎች ማኅበር ተውሶ ወይም ተከራይቶ መጠቀም የተለመደ ነው። ቀደም ያሉት መሣሪያዎች ሰማያዊውን አሳንሰው ያነቡ ስለነበር ለኤልኢዲ የተሻሻሉትን መምረጥ ይገባል፤ በአየር ላይ የተስተካከለ መለኪያ ውኃ ውስጥ ሲገባ ንባቡ ከእውነተኛው ስለሚያንስም አምራቹ በሰጠው ቁጥር ማባዛት ያስፈልጋል። ለመሣሪያ ኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ጥሩ የአክሮፖራ ቁራጭ ዋጋ ብዙም የማይርቅ ሆኖ ሳለ፣ በሺዎች የሚቆጠር ብር ወይም ዶላር ለመብራት አውጥቶ ሳይለኩ መቀመጥ የሚያሳዝን ልማድ ነው።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ የነገሩ መሠረት ባሕሩ ራሱ ነው። ንጹሕ የባሕር ውኃ ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ውጦ ሲያስቀር ሰማያዊውን ወደ ጥልቁ ያሳልፋል፤ ስለዚህ በ10 እና በ20 ሜትር ጥልቀት የሚኖሩ ኮራሎች በሰማያዊ ዓለም ውስጥ ይኖራሉ። በቤት ውስጥ ያለ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ግን የቀለሙን ቅንብር ያን ያህል አይለውጠውም፤ መብራቱ ምን ዓይነት ቀለም ከሰጠ ኮራሉም የሚቀበለው ያንኑ ነው። በዚህ ምክንያት ጥልቀትን የሚፈጥረው በመብራቱ ውስጥ ያለው የቺፖች ስብጥር ነው ማለት ይቻላል። የአልጌዎቹ ክሎሮፊል ዋነኛ የመቀበያ ክልል ከ430 እስከ 460 ናኖሜትር ባለው ሐምራዊና ሰማያዊ ውስጥ ሲገኝ፣ ፔሪዲኒን የተባለው ተጨማሪ ማቅለሚያቸው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ እስከ አረንጓዴው ያለውን ይሰበስባል።

የምርምሩም ውጤት ከዚህ ጋር ይስማማል። ሮበርት ኪንዚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረቡት ጥናት፣ በሰማያዊና በነጭ ብርሃን ሥር የተያዘ ኮራል በአረንጓዴና በቀይ ሥር ከተያዘው የተሻለ ማደጉን አሳይተዋል። ቲም ዋይገርዴና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው በስታይሎፎራ ፒስቲላታ ላይ ባደረጉት የ6 ሳምንት ሙከራ፣ ሰማያዊ ብቻ፣ ቀይ ብቻና ሁለቱን እኩል በማቀላቀል በ128 እና በ256 ማይክሮሞል አወዳድረው፣ በሰማያዊ ሥር ከፍተኛውን በሕይወት የመቆየት መጠን ሲያገኙ፣ በ256 ማይክሮሞል ቀይ ሥር የነበሩት ግን በብዛት መሞታቸውን ዘግበዋል። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ መመሪያ ግልጽ ነው፤ የመብራቱ አከርካሪ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ይሁን፣ በ400 እና በ430 መካከል ያለው ሐምራዊና 470 አካባቢ ያለው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይደግፉት፣ ነጩ በልክ ይጨመርበት፣ ቀይና አረንጓዴ ቺፖች ግን ለዓይን ያህል በዝቅተኛ መጠን ብቻ ይብሩ። የነጩን ጉዳይ በተመለከተ፣ ነጭ ኤልኢዲ በራሱ በቢጫ ፎስፈር፣ ማለትም ብርሃንን ተቀብሎ በሌላ ቀለም በሚሰጥ ዱቄት፣ የተሸፈነ ሰማያዊ ቺፕ በመሆኑ፣ በጥላቻ የሚታይበት ምክንያት የለም።

ሰማያዊው እንዲበዛ የሚገፋፋ ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም የኮራሎች ፍካት ነው። ብዙ ኮራሎች አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን ተቀብለው በአረንጓዴ፣ በብርቱካናማ ወይም በቀይ መልሰው የሚያወጡ ፕሮቲኖች አሏቸው። የመጀመሪያውን አረንጓዴ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1962 ከጄሊፊሽ የለየው ኦሳሙ ሺሞሙራ ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በአኳሪየም አርቢዎች ዘንድ ከታወቀው፣ ዲስኮሶማ ከተባለው እንጉዳይ መሰል ኮራል ቀይ ፕሮቲን መገኘቱ ይፋ ሆኖ ለሕክምና ምርምር ትልቅ መሣሪያ ሆኗል። ይህ ፍካት ውበቱ የማይካድ ነው። ሆኖም ገንዳውን ቀኑን ሙሉ በሰማያዊ ብቻ ማብራት ዓሦቹን የተፈጥሮ ቀለማቸውን ስለሚያሳጣና፣ መንጣት የጀመረ ኮራል በፍካቱ ተሸፍኖ ሳይታይ እንዲቆይ ስለሚያደርግ፣ በቀን ውስጥ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት ነጩን ከፍ ማድረግ ለአርቢውም ለገንዳውም ይበጃል።

የመዳረስን ጥያቄ ለመረዳት ኤልኢዲ የተካቸውን መብራቶች ማስታወስ ያስፈልጋል። ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው የባሕር ገንዳ አያያዝ ዘዴ በጃካርታ ፀሐይ ላይ የተመሠረተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በበርሊን አርቢዎች የዳበረው አሠራር ሜታል ሃላይድ የተባለውን፣ ከ150 እስከ 400 ዋት የሚስብ ኃይለኛ አምፖል ተጠቀመ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ደግሞ ቲ5 የሚባሉት ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች ተስፋፉ። የኤልኢዲ ዘመን የተከፈተው ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ1993 ደማቁን ሰማያዊ ኤልኢዲ ለገበያ ሲያበቃ ነው፤ ለዚህም ሥራ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ከኮራል ገንዳ አንጻር ይህ ግኝት ከማንኛውም ሌላ ቀለም በፊት የሚፈለገውን ቀለም በአነስተኛ ኃይል አስገኘ።

በዚህ ለውጥ ውስጥ ግን የጠፋ ነገር አለ። 120 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የፍሎረሰንት ቱቦ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ከግራም ከቀኝም ያበራል፤ የሜታል ሃላይድ አንጸባራቂም ብርሃኑን በሰፊ ጉልላት ይበትናል። ኤልኢዲ ግን ቺፖቹን በጠባብ ቦታ ሰብስቦ በሌንስ ወደ ታች ስለሚወረውር፣ ብርሃኑ ከአንድ ነጥብ የመጣ ያህል ይሆንና ጥላው የተሳለ ይሆናል። 120 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ላይ አንድ ኃይለኛ መብራት ብቻ በመሐል ቢሰቀል፣ ከመብራቱ ትክክል ሥር ባለው ድንጋይ ላይ 400 ማይክሮሞል ሲነበብ በሁለቱ ዳር ማዕዘኖች 60 እንኳ ላይሞላ ይችላል። አማካዩ በወረቀት ላይ ጥሩ ቢመስልም በአማካዩ ውስጥ የሚኖር ኮራል የለም፤ መሐል ያለው ይነጣል፣ ዳር ያለው ይራባል። ጉዳቱ በአንድ የአክሮፖራ ቁጥቋጦ ላይ ቀረብ ተብሎ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል፦ የላይኞቹ ጫፎች ፈክተው ሲያድጉ፣ ከሥራቸው ያሉት ቅርንጫፎች ሆድ ብርሃን አጥቶ ሥጋው ከግንዱ ጀምሮ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ነጭ አጽም ይጋለጣል፣ በተጋለጠውም ላይ አልጌ ይበቅልበታል። አርቢው በሽታ መስሎት መድኃኒት ሲፈልግ፣ ችግሩ ኮራሉ አድጎ በራሱ ላይ ጥላ መጣሉ ነው። ገንዳው አዲስ ሳለ ቁራጮቹ ትናንሽ ስለሆኑ ይህ አይታይም፤ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ኮራሎቹ ተንሰራፍተው መብራቱን ለመቀየር ውድ በሚሆንበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ለተመሳሳይ ገንዘብ አንድ ኃይለኛ መብራት ከመግዛት ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት መካከለኞችን መግዛት፣ በአጭሩም በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ርዝመት ቢያንስ አንድ ማሰብ፣ ይመረጣል። ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ፣ ብርሃኑን የሚያለሰልስ ነጭ መከለያ፣ መብራቱን ከውኃው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ወይም ኤልኢዲውን በሁለት የቲ5 ቱቦዎች መሐል ማስቀመጥ ሁሉም ወደዚያው የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው። እያንዳንዳቸው የሚያስከፍሉት ዋጋ አለ፤ መብራቱ ከፍ ሲል ወይም ሲከለል የመሐሉ ኃይል ይቀንሳል፣ ብዙዎች የሚወዱት በአሸዋው ላይ የሚሯሯጠው የሞገድ ነጸብራቅም ይደበዝዛል። በቺፖቹ መካከል ሰፊ ርቀት ያለው መብራት ደግሞ በአሸዋው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የጥላ ጠርዞችን ስለሚጥል፣ ከመግዛት በፊት ሲበራ ማየት ይጠቅማል። ለኮራል ገንዳ ጥልቀቱና ስፋቱ ከተወሰነ በኋላ መብራት ይፈለግለታል እንጂ፣ መብራቱ ተገዝቶ ገንዳው አይስማማለትም።

የወጪው ስሌት አጭር ነው። ሁለት ባለ 250 ዋት ሜታል ሃላይድ በቀን 9 ሰዓት ቢበሩ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ በዓመት ከ1600 በላይ ይፈጃሉ፤ በድምሩ 240 ዋት የሚስቡ ኤልኢዲዎች በአማካይ በ60 በመቶ ኃይላቸው ለ9 ሰዓት ቢሠሩ ግን በዓመት 470 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃቸዋል። ሃላይድ ውኃውን እያሞቀ ማቀዝቀዣ መሣሪያ እስከማስፈለግ ይደርስ ነበር፤ የኤልኢዲው ሙቀት በአብዛኛው በጀርባው ባለው የብረት ክንፍና ማራገቢያ ወደ ላይ ይወጣል። የፍሎረሰንት ቱቦና የሃላይድ አምፖል በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይቀየራሉ፤ ኤልኢዲ ብዙውን ጊዜ የሚነገርለት 50000 ሰዓት በቀን 10 ሰዓት ሲሰላ ከ13 ዓመት ያልፋል። ከቺፖቹ በፊት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በጨው ርጭት የተዘጋው ማራገቢያ ወይም ኃይል ሰጪው ክፍል ስለሆነ፣ መለዋወጫ የሚገኝለትን መምረጥ ከቺፕ ብዛት ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ መብራቱ በቀጥታ ወደ ዓይን እንዳይታይ ማድረግ ግድ ነው፤ ደብዘዝ ብሎ የሚታየው ይህ ኃይለኛ ሰማያዊ ሬቲናን ሊጎዳ በሚችለው የሞገድ ክልል ውስጥ ይገኛል።

የኤልኢዲ ትልቁ ጸጋ ምናልባት መታዘዙ ነው። ጠዋት ቀስ ብሎ እንዲደምቅ፣ ማታ ቀስ ብሎ እንዲከስም፣ እያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው እንዲስተካከል ይቻላል። በለንደን የሚገኘው የሆርኒማን ሙዚየም ተመራማሪዎች የወቅቱን ሙቀት፣ የቀኑን ርዝመትና የጨረቃን ዑደት በአኳሪየም ውስጥ በማስመሰል ኮራሎች በታቀደ ጊዜ እንቁላልና ዘር እንዲለቁ ማድረጋቸውን እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት፣ ይህ መታዘዝ ከጌጥ በላይ መሆኑን አረጋግጧል። ከዚሁ ጋር፣ በየቤቱ ገንዳዎችን ሌሊቱን ሙሉ በሰማያዊ ማብራት ኮራሉን ጨለማ የሚነፍግ በመሆኑ ሊተው ይገባል።

መብራቱ ከተገዛ በኋላ ያለው ሥራ በአሮጌው መብራት ሥር ያለውን ፓር መለካትና መመዝገብ፣ ከዚያም አዲሱን በዚያው መጠን ወይም ከዚያ ባነሰ መጀመር ነው፤ መለኪያ ከሌለ ከ30 እስከ 40 በመቶ ባለው ኃይል ተጀምሮ በየሳምንቱ በጥቂቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ንባቡ በአንድ ነጥብ ሳይወሰን በአሸዋው፣ በመካከለኛው ድንጋይና በጫፉ ላይ፣ በመሐልም በዳርም መወሰድ አለበት። ብርሃን የበዛበት ኮራል አስቀድሞ በላይኛው ፊቱ ይፈዝዛል፤ ያነሰበት ወደ ቡናማ ይለወጣል ወይም ሥጋውን ይለጥጣል። መፍዘዝ ግን ናይትሬትና ፎስፌት የተባሉት ንጥረ ምግቦች ከገንዳው ሲጠፉም ስለሚመጣ፣ ብርሃኑ ከመቀነሱ በፊት ውኃው ይመርመር። ብርሃን ሲጨምር የአጽም ግንባታም ስለሚፋጠን፣ ካልሲየምና አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውኃው የያዘው የካርቦኔት መጠባበቂያ፣ ከቀድሞው ፈጥነው ያልቃሉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ልኬታቸው ቢያንስ በየሁለት ቀኑ መወሰድ፣ የሚጨመረውም መጠን በዚያው መሠረት መስተካከል ይኖርበታል።